የሥራ ባልደረባ ጥቆማ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። የምናገረው በኢሜይል ስለሚደርሱን ዜና መጽሔቶች፣ በተለምዶ ኒውስሌተር ስለምንላቸው ነው። በዓለም ላይ ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ አብዛኞቹም በነጻ የሚላኩ ናቸው። ጥያቄው ከዚህ ሁሉ መሐል ለሥራችን የሚረባውን እንዴት እናገኘዋለን የሚለው ነው። እኔ በበሽታ ቅኝት ሥራ ላይ ኖሬያለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ የጠቀሙኝን ኒውስሌተሮች አንድ በአንድ ሳስታውስ፣ እያንዳንዳቸውን የነገረኝ ሰው ነው። ደግሞም ማንኛውም ሰው አይደለም፤ የምሠራውን ሥራ የሚያውቅ ባልደረባ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ባልደረቦቻችሁን ምን እንደሚያነቡ ጠይቁ፣ የምታነቡትንም ንገሩ።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

የራሴን ሙያ ላስቀድም። በ1994 ጥቂት ሳይንቲስቶች ተሰባስበው ፕሮሜድ የተባለ፣ አዲስ ስለሚከሰቱ ተላላፊ በሽታዎች በኢሜይል የሚያሳውቅ አገልግሎት ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። መንግሥታት በይፋ መግለጫ እስኪሰጡ አይጠብቅም። የመስክ ሐኪሙ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው ያየውን ይጽፋል፤ ሙያውን የሚያውቁ አዘጋጆች ያጣሩታል፤ የራሳቸውን አስተያየት ከሥር ጨምረው ለተመዝጋቢው ሁሉ ይልኩታል።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2003 ስቲቨን ከኒየን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ለፕሮሜድ አጭር ጥያቄ ላኩ። ከሚያውቁት ሰው ኢሜይል ደርሷቸው ነበር። በቻይና ጓንግዡ ከተማ ወረርሽኝ ገብቷል፣ ሆስፒታሎች ተዘግተዋል፣ ሰውም እየሞተ ነው የሚል ወሬ ነበረበት። እሳቸውም ይህን የሰማ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በማግስቱ የዓለም ጤና ድርጅት ከቻይና ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት ደረሰው፤ 305 ሰዎች ታመው 5 መሞታቸውን የሚገልጽ ነበር። በሽታው ኋላ ሳርስ ተብሎ ዓለምን ያስጨነቀው ነው።

ዘጠኝ ዓመት አለፈና በሴፕቴምበር 2012 ጅዳ ይሠሩ የነበሩት ግብጻዊው የቫይረስ ተመራማሪ አሊ ሞሐመድ ዘኪ፣ በሳንባ ሕመም ከሞቱ የ60 ዓመት ሰው ናሙና ላይ ከዚህ ቀደም የማይታወቅ ኮሮና ቫይረስ መገኘቱን በዚሁ በፕሮሜድ አስታወቁ። በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ ከኳታር የመጣ አንድ ሕመምተኛ የሚያክሙ ሐኪሞች ሰውየው ምን እንደያዘው ጨንቋቸው ነበር። የጅዳው ጽሑፍ አቅጣጫ ሰጣቸው፤ ሲመረመርም ሁለቱ ቫይረሶች ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ይህ በሽታ ዛሬ መርስ የምንለው ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2019 ደግሞ የፕሮሜድ አዘጋጅ ማርጆሪ ፖላክ፣ በቻይና ሁቤ ግዛት ምንነቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች መታየቱን አሳውቀው ተጨማሪ መረጃ ያለው እንዲጽፍ ጠየቁ። እሳቸውንም ቀድሞ ያነቃቸው ከአንድ ከሚያውቁት ሰው የደረሳቸው ኢሜይል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም ኖረነዋል።

እነዚህን ታሪኮች የነገርኳችሁ ፕሮሜድን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከሦስቱ በሁለቱ ታሪኮች መነሻ ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ። አንድ የሚያውቁት ሰው አለ። ይህን ነገር ለማን ብነግረው ይጠቅመዋል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አለ። ኒውስሌተሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ያንን የአንድ ለአንድ ወሬ ተቀብሎ፣ አጣርቶ፣ ለብዙዎች ያደረሰ መሣሪያ ነው።

ፕሮሜድን ለእኔ ያስተዋወቁኝ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ ታላቅ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። በምሳ ሰዓት ወደ ጠረጴዛቸው ጠሩኝ። «አንቺ የእብድ ውሻ በሽታው ሪፖርት ላይ ነሽ አይደል? ነይማ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሉና ኮምፒውተራቸውን ወደኔ አዞሩት። የኢሜይሉን ርእስ በጣታቸው ጠቆሙኝ፤ ከፊቱ አጫጭር ፊደላት ተደርድረዋል። «ይህ ኤኤች የሚለው የእንስሳት ጤና ማለት ነው። ይህ ኢዲአር ያለው ስለ አዲስ ክስተት የተጻፈ ሪፖርት ነው። ርእሱን አይተሽ የማይመለከትሽን እለፊው፤ ሁሉን ላንብብ ካልሽ በሳምንትሽ ትተዪዋለሽ።» ቀጥለው ጽሑፉን ወደ ታች ገፉት። ዜናው አለቀና ከሥሩ በቅንፍ የተቀመጠ አንቀጽ ብቅ አለ። «ዋናው ይህ ነው» አሉኝ። «ከላይ ያለው ከጋዜጣ የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ጋዜጠኛ ደግሞ ይሳሳታል። ይህን ግን በሽታውን የሚያውቅ አዘጋጅ ነው የጻፈው። ይህ ቁጥር ያጠራጥራል ይላል፣ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚህ በፊት እዚያ አካባቢ መቼ እንደታየ ያስታውሳል። መጀመሪያ ከታች አንብቢ፣ ከዚያ ወደ ላይ ውጪ።»

እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ነው የማነበው። እስቲ ጋሼ ምን ምን እንዳደረጉልኝ ተመልከቱ። በዚያ ሳምንት ምን እየሠራሁ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ነገሩን በሚያስፈልገኝ ሰዓት አመጡልኝ። ምን መዝለል እንዳለብኝ ነገሩኝ፤ ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ በቀን ብዙ መልእክት ሲጎርፍብኝ ያለጥርጥር እሰለች ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከየት ጀምሬ እንደማነብ አሳዩኝ። ይህ የመጨረሻው በየትኛውም የኢንተርኔት ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። «ምርጥ አሥር ኒውስሌተሮች» የሚሉ ጽሑፎች ስም ይሰጧችኋል፤ አጠገባችሁ ቁጭ ብለው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አያሳርፉላችሁም።

ይህ ነገር መረጃ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። አርካይቭ የሚባለውን ያልታተሙ ጥናቶች ማከማቻ ዛሬ የዓለም የፊዚክስ ሊቃውንት ሁሉ ያውቁታል። አነሳሱ ግን እንዲህ ነው። ጆአን ኮን የተባሉ ፕሪንስተን የነበሩ የፊዚክስ ተመራማሪ፣ በሙያቸው ዘርፍ አዲስ የወጡ ጥናቶችን እየሰበሰቡ ለባልደረቦቻቸው በኢሜይል ይልኩ ነበር። አንዱ ለሌላው ሲነግር የተቀባዮቹ ቁጥር ወደ 180 ደረሰ። በ1991 ክረምት በኮሎራዶ አስፐን በተደረገ የፊዚክስ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ አንዱ ተሳታፊ፣ መንገድ ላይ ሳለሁ የሚላኩልኝ ጥናቶች የኮምፒውተር ቦታዬን ሊሞሉብኝ ነው ብሎ ስጋቱን ተናገረ። ይህን የሰሙት ፖል ጂንስፓርግ ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ፕሮግራም ጽፈው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሎስ አላሞስ ባለ ኮምፒውተር ላይ አስጀመሩት። አርካይቭ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በላይ ጥናቶች ይዟል። እስከ አሁንም በየዘርፉ የወጣውን አዲስ ነገር ለተመዝጋቢዎች በኢሜይል ያሳውቃል። የዚህ ሁሉ መነሻ አንዲት ተመራማሪ «ይህ ይጠቅማቸዋል» ብለው ለባልደረቦቻቸው መላካቸው ነው።

አንዳንዶቻችሁ፣ ጎግል እያለ ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል ትሉኝ ይሆናል። ጎግል የጠየቃችሁትን ይፈልግላችኋል። ችግሩ ለሥራችሁ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ ጊዜ መኖሩን እንኳ የማታውቁት ነገር መሆኑ ነው። መኖሩን የማታውቁትን በምን ስም ትፈልጉታላችሁ? ባልደረባችሁ ግን ሪፖርታችሁን አንብቦ የጎደለውን አይቷል። ስብሰባ ላይ ምን ላይ እንደተንተባተባችሁ ሰምቷል። ስለዚህ ያልጠየቃችሁትን ሊመልስላችሁ ይችላል።

ባልደረባ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል አልልም። በየቴሌግራም ግሩፓችን የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ጠዋት ሲነጋ ሊንክ፣ ማታ ሲመሽ ሊንክ። ላኪው አንድ ቃል አይጽፍም፤ ፎርዋርድ ብሎ ያልፋል። ራሱም ያነበበው አይመስለኝም። እንዲህ ዓይነቱ መልእክት ከብዛቱ የተነሳ የሚረባውንም ይዞት ይጠፋል። እባካችሁ፣ ሊንክ ብቻ አትላኩ። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ምን ይጎዳል? «ይህ ከኬንያ የሚወጣ የዝናብ ትንበያ ነው። ቦረና ያለው ፕሮጀክት ላይ ስለሆንክ ከማርች እስከ ሜይ ያለው ይመለከትሃል። ካርታውንና ከሥሩ ያለውን አንቀጽ ብቻ አንብብ፣ ሌላው ለስፔሻሊስት ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የተቀበለው ሰው ግን ምን እንደሆነ፣ ለምን ለእሱ እንደተላከና ምን ማንበብ እንዳለበት ያውቃል። እንዲህ የጻፈ ሰው ነገሩን በትክክል እንዳነበበውም እርግጠኛ ትሆናላችሁ።

ቋንቋውም ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ ኒውስሌተሮች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ወረዳ ላይ ያለ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ እንግሊዝኛ ማንበብ ባይሳነውም፣ ከሥራ ተዳክሞ ሲመጣ ስድስት ገጽ ለማንበብ ጉልበት ላይኖረው ይችላል። ፍሬ ነገሩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ በአምስት መስመር ጽፎ የሚልክለት ባልደረባ ትልቅ ውለታ ይውላል። ይህን በትጋት የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ። ማንም ሳያዛቸው፣ የተለየ አበል ሳይታሰብላቸው ይሠሩታል። አለቆች የምትሆኑ ሰዎች ይህን እንደ ሥራ ቁጠሩላቸው።

አሁን ማንን እንደምንጠይቅ ልናገር። ብዙዎቻችን ጠረጴዛው ከጠረጴዛችን የተጠጋውን ሰው እንጠይቃለን። እሱን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እሱ የሚያነበውን እናንተም ልታነቡት የምትችሉበት እድል ሰፊ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተን አቅራቢያ በምትገኝ ከተማ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን፣ ያንን ሰው ምን ያህል ታገኙት ነበር ብለው ጠይቀው ነበር። ዘወትር እንገናኝ ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። አልፎ አልፎ ያሉት 55.6 በመቶ፣ ከስንት አንዴ ያሉት ደግሞ 27.8 በመቶ ሆኑ። ግራኖቬተር ነገሩን ሲያስረዱ፣ ዕለት ዕለት የምናገኛቸው ሰዎች እኛ የምናውቀውን ስለሚያውቁ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከራቅ ካለው ሰው ነው ይላሉ። ጥናቱ ስለ ሥራ ቢሆንም፣ ለንባብም እንደዚያው መሆኑን በራሴ ኑሮ አይቻለሁ።

ስለ ዝናብ ትንበያው የሰማሁት ከጤና ባለሙያ አይደለም። ቢሾፍቱ በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ፣ በሻይ ሰዓት አጠገቤ ከቆመ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ነው። ስለ ወባ እየተጨነቅን እንደሆነ ነገርኩት። ወባ በአገራችን ዋና ወቅቱ ክረምቱ እንዳለፈ ያለው ጊዜ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ዝናቡ ውሃ ያቁራል፣ ትንኝ ይራባል። እሱም «የኢክፓክን ትንበያ ታገኛላችሁ ወይ?» አለኝ። ኢክፓክ ኬንያ ውስጥ የሚገኝ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ነው፤ ለምሥራቅ አፍሪካ የየወቅቱን የዝናብ ትንበያ ያወጣል። ስልኩን አውጥቶ ካርታውን ከፈተልኝና፣ እኔ የደመቀውን አረንጓዴ እያየሁ «እዚህ ብዙ ይዘንባል ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያነበው» አለኝ። «ቀለሙ የዝናቡን መጠን አይነግርሽም፤ እድሉን ነው የሚነግርሽ። ከተለመደው በላይ፣ እንደተለመደው፣ ከተለመደው በታች ተብሎ ለሦስት ይከፈላል። ምንም የምናውቀው ነገር ከሌለ ሦስቱም እኩል 33 በመቶ ናቸው። አረንጓዴው ሲደምቅ ከተለመደው በላይ የመሆኑ እድል ከዚያ ከፍ አለ ማለት ነው። የተለመደው የተባለውም የዚያው ቦታ የተለመደው ነው። ለአፋር ከተለመደው በላይ የሆነ ዝናብ ጎሬ ቢዘንብ ሰው ድርቅ ገባ ይላል።»

ይህን ያለ እሱ አላውቀውም ነበር። ካርታውንማ ማንም ያገኘዋል። የተሳሳተ ንባብ ይዞ መድኃኒትና አጎበር ወዳልሆነ ወረዳ ማከፋፈል ግን ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ከሙያችሁ ጎን ባለ ሙያ ላይ የሚሠራውን ሰው ጠይቁ። የጤና ባለሙያ የሚቲዎሮሎጂውን፣ የባንክ ሰው የቡና ነጋዴውን፣ አስተማሪ የሕግ ባለሙያውን። ስብሰባ ላይ የምታገኟቸው እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ የሻይ ሰዓቱን ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት ሰው ጋር ቆማችሁ አታሳልፉት።

ጥቆማ የሚመስል ግን ጥቆማ ያልሆነም አለ። ሰብስታክ በተባለው፣ በ2017 በተቋቋመው መድረክ ላይ ለአንድ ኒውስሌተር ስትመዘገቡ ጸሐፊው የሚመክራቸው ሌሎች ይቀርቡላችኋል። ይህ አሠራር ከ2022 ጀምሮ ያለ ነው። ጸሐፊው በሐቀኝነት መርጦት ሊሆን ይችላል፤ እናንተን ግን አያውቃችሁም። በሌሎች መድረኮች ደግሞ ጥቆማው በገንዘብ የሚሸጥበት መንገድ አለ፤ አንድ ተመዝጋቢ ላመጣ ይህን ያህል ተብሎ ይከፈላል። ሞርኒንግ ብሩ የተባለው፣ ሁለት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት የንግድ ኒውስሌተር በስፋት ያደገው ጓደኛ ለጋበዘ አንባቢ ስጦታ በመስጠት ነው። ይህ ነውር የለበትም፣ ነገር ግን ስጦታ ፈልጎ የጋበዛችሁንና ሥራችሁን አስቦ የነገራችሁን ለዩ።

ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዓይነት ታውቃላችሁ። «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ ጥናታችሁን በአንድ ሳምንት እናሳትማለን የሚል ኢሜይል። ክፍያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ጄፍሪ ቢል የተባሉ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዲህ ያሉ አሳታሚዎችን ስም ዝርዝር ሲያወጡ ኖረው በ2017 አቋረጡ። ስለዚህ አሁን የሚያስጠነቅቃችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል። «ይሄን አትንካው» ማለትም የባልደረባ ጥቆማ ነው፤ ለጀማሪ መምህር ከሁሉ የሚበልጠው ምናልባት እሱ ነው።

በሥራ ቦታችን ያለ አንድ ልማድ ያሳዝነኛል፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። የሚያውቁትን ለራስ ብቻ መያዝ ነው። አንድ ጠቃሚ መረጃ በኢሜይል ይመጣል፤ ለኃላፊው ይደርሳል፤ እዚያው ይቀራል። ወይም አንድ ባለሙያ ከየት እንደሚያገኘው የማይታወቅ መረጃ ይዞ በየስብሰባው ይናገራል፣ ሲጠየቅ ግን ምንጩን አይናገርም። ምንጬን ካወቁት እኔ ምን ቀረኝ የሚል ፍርሃት ነው። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ እድገትና የውጭ አገር ሥልጠና በጠባብ በር በሚገኝበት ቦታ እውቀት መደበቂያ ቢያበጅ አያስደንቅም። ነገር ግን የደበቅነው የአደባባይ ነገር መሆኑን እናስብ። ማንም ሊመዘገብበት የሚችል የነጻ ኒውስሌተር ነው። ዋጋ ያለው ከእሱ ተነስታችሁ የምታስቡት ነው፤ እሱን ማንም አይወስድባችሁም። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ ከእሳቸው ያልተማረ ሰው አልነበረም። የሚያነቡትን ሁሉ ስላካፈሉ የቀረባቸው ክብር ግን አላየሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ነገሮች ይጠፋሉ። ፕሮሜድ በ2023 የገንዘብ ችግር ገጥሞት፣ ክፍያ በመዘግየቱና በሌሎች ምክንያቶች ከአዘጋጆቹ ብዙዎቹ ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ፊውስኔት የተባለው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አገልግሎት የተቋቋመው በ1985፣ በኛም አገር ያ ሁሉ ሰው ካለቀበት ረሃብ በኋላ ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ሠርቶ በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታ ሲቆም ገጹ ለወራት ተዘጋ። እሱን ብቻ ይዘው የነበሩ ሰዎች ምን እንደሚያነቡ ግራ ገባቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ይነጋገሩ የነበሩት ግን በቀናት ውስጥ ሌላ ምንጭ ተጠቋቁመዋል። የሚጠቅማችሁን እትም ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡት። ኢሜይል አንድ ጊዜ ከወረደ ኔትወርክ ቢቋረጥም ስልካችሁ ላይ ይቆያል፤ ወደ ገጠር ለምትወጡ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔም ያልኩትን ላድርግ።

በሰው ወይም በእንስሳት ጤና ላይ ለምትሠሩ፣ ፕሮሜድ። አነባበቡን ጋሼ ነግረዋችኋል።

በግብርና ለምትሠሩ፣ በኢንሹራንስና በብድርም ላላችሁ ጭምር፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሮም የሚያወጣው ወርኃዊ የበረሃ አንበጣ መግለጫ። ኢትዮጵያን የምታገኟት በማዕከላዊው ቀጣና ክፍል ውስጥ ነው፤ የምዕራቡንና የምሥራቁን ልትዘልሉት ትችላላችሁ። የየመንን ግን አትዝለሉ። በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት ከባድ አውሎ ነፋሶች የአረቢያን በረሃ አረጠቡት፤ አንበጣው ሰው በማይደርስበት ቦታ ተራባ። በ2019 ወደኛ አገር ከመድረሱ በፊት የየመን ሁኔታ በየወሩ እዚያ ይጻፍ ነበር። የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ወረራውን ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ብሎታል። ከላይ ያለው ቀለም አረንጓዴ ከሆነ ማጠቃለያውን አንብባችሁ ዝጉት፤ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ ትንበያውን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ለቡና ሰዎች፣ የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት ከለንደን በየወሩ የሚያወጣው የገበያ ሪፖርት። ይህን የነገረኝ ቡና ላኪ የሆነ ጎረቤቴ ነው፤ አብሮም አንድ ነገር ነግሮኛል። የኢትዮጵያን ዋጋ ፈልጌ አጣሁት የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ድርጅቱ ዋጋ የሚያወጣው በአራት ክፍል ነው፤ የኮሎምቢያ፣ ሌሎች ለስላሳ አረቢካዎች፣ የብራዚልና መሰሎቹ፣ ከዚያም ሮቡስታ። የኛ ቡና የሚመደበው ከብራዚል ጋር ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን ስትከፍቱ ዓይናችሁ ብራዚል የሚለው ላይ ይሁን፤ የይርጋጨፌና የሲዳማ ልዩ ቡና ግን በዚያ ዋጋ እንደማይሸጥ አትርሱ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጠናል። ስትወጡ እያንዳንዳችሁ አንድ ብቻ ጻፉ፤ ስሙን፣ ለምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን፣ ከየት ጀምሮ ቢነበብ እንደሚሻል። በአማርኛ ይሁን። ሰብስበን አንድ ላይ እንተይበውና ስልኩን ለተወልን ሁሉ እንልካለን። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ ካላችሁት እንጀምር።